ለሐምሌ ነፋስ የተሰፋ ድንኳን

ሮብ ገበያን በስሟም የማያውቃት ሰው ብዙ ስለሆነ ከእሷ ልጀምር። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ ሽቅብ ሲወጡ የምትገኝ፣ ከገበያ ቀኗ ውጪ ብርድና ጭቃ የሚውልባት ትንሽ ከተማ ናት። እኔ የተወለድኩት ከእሷም ወዲያ፣ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ተኪዶ ነው። አሁን መርካቶ ውስጥ ሸራ ሰፊ ነኝ፤ የጭነት መኪና ሸራ፣ የሰርግና የለቅሶ ድንኳን እሰፋለሁ። ባለፈው ሐምሌ አገሬ ደርሼ ተመልሻለሁ። ሰው «መንገዱ እንዴት ነበር?» ሲለኝ «ደህና» እያልኩ ሰነበትኩ። ደህና አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ከዚያ በፊት በነበረው ሐምሌ አረፈች። ያን ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር መርዶዋን በስልክ ሰማሁ፤ ሱቄ ውስጥ ያልተሰፋ ሸራ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። ለሁሉም መንገዱ ተዘግቶ ነበር ብያለሁ፣ እውነት ነው። ከሳምንት በኋላ መከፈቱን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ሥራ ይዤ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስል አርባዋም ደርሶ አለፈ።

ስለዚህ ሙት ዓመቷ ሲቃረብ ለታላቅ ወንድሜ ለአያ ደሳለኝ ደወልኩና ተዝካሯን በዕለቷ እናውጣው አልኩት። እሱ እንደ አገሩ ልማድ በጥር ይሁን አለ። በጥር እህሉ ጎተራ ይገባል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ሰዉም በሬዉም ያርፋል፤ በሐምሌ የሚደግስ ሰው የለም። እኔ ግን ድርቅ አልኩ። ዝናቡን ለእኔ ተወው፣ ለክረምት የሚሆን ድንኳን ሰፍቼ አመጣለሁ፣ ሲያበቃም በእናታችን ስም ለእድሩ ይቀመጣል አልኩት። መጨረሻ ላይ «እንዳልክ» አለኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ቀብር ላይ ያልቆመው ልጅ በሙት ዓመት ጎልቶ መታየት አማረው።

ድንኳኑን አንድ ወር ሰፋሁት። ሙያውን የቀሰምኩት በጎረምሳነቴ አሰብ ወደብ ላይ፣ የሳምቡክ ጀልባ ሸራ ከሚሰፋ አንድ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ጀልባ ወደ ማዕበል ከመውጣቷ በፊት ሸራዋን እንዴት እንደሚያዘጋጅ አሳይቶኛል። መጀመሪያ ስፌቱን ሁሉ በአውራ ጣቱ ጥፍር እየጫረ ይፈትሻል። ጥግ ጥጉን በሦስት ድርብ ይደግፋል። ጠርዙን ዙሪያውን ገመድ አስገብቶ ይሰፋዋል። ከዚያ ሸራው ወገብ ላይ በተርታ አጫጭር ገመዶች ይተክላል፤ ነፋስ ሲበረታ ሸራው እስከዚያ ድረስ ተጠቅልሎ በእነሱ ይታሰራል፣ ያን ጊዜ ግማሽ ይሆንና ነፋሱ የሚይዘው ያጣል። ሸራ የሚያጥረው ነፋሱ ሳይመጣ ነው፣ ከመጣ ወዲያ አሳጣሪው ነፋሱ ራሱ ነው ይል ነበር። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንዷን ስፌት ሆን ብሎ በደካማ የጥጥ ክር ይሰፋታል። ሸራው ከምሰሶው በፊት ይቀደድ ነው ነገሩ፤ ሸራ ይጠገናል፣ ባሕር መሐል የተሰበረ ምሰሶ ግን ሰው ይዞ ይሄዳል።

ሁሉንም እንዳስተማረኝ አደረግሁ። የጥጥ ክሩን ብቻ ተውኩት። የእናቴ ድንኳን አይቀደድም ብዬ ያችንም ስፌት እንደሌላው በናይለን ክር ሁለት ጊዜ ደረብኳት።

ሐሙስ ማለዳ መናኸሪያ ደረስኩ። ጥቅሉን ሁለት ወዛደሮች ተሸክመውት መጡ፤ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ለማውጣት ሦስተኛ ተጨመረ። ረዳቱ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ጥቅሉን አየና ሬሳ ከሆነ ወረቀት ያስፈልገዋል ብሎ ቀለደ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ጎሐ ጽዮን እስክንደርስ ጥቅሉ ሁለት ጊዜ ለፍተሻ ወረደ። እኔ ያሰርኩትን ሰው ሲፈታብኝ አልወድም፤ ግን ምን ይባላል፣ ፈታሁ፣ ዘረጋሁ፣ መልሼ ጠቀለልኩ። በሁለተኛው ዝናብ መጣ። ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ስታገል አንዲት ተሳፋሪ ሴት ወርዳ ጃንጥላዋን ለእኔ ሳይሆን ለድንኳኑ ያዘችለት። የለቅሶ ዕቃ መሆኑን ሰምታ ኖሯል። እሷ ራሷ በስብሳ ወደ መኪናው ተመለሰች፣ ደጀን ስትወርድ ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ቀረሁ። የዓባይን በረሃ ስንወርድ ሰው ሁሉ ገደሉን ለማየት በመስኮት ይንጠራራል፤ እኔ የገመዱን ጫፍ ነበር የማየው። ሙቀቱ መርካቶ ቆርቆሮ ሥር በሚያዝያ ከሚውለው አይብስም። ድልድዩን ተሻግረን ደጀን ስንወጣ ብርዱ ጀመረ፤ እዚያው ምሳ በላን። ጥብሱ ሥጋ ነበረው፤ መርካቶ ጥብስ አዝዘህ በሽንኩርቱ መሐል ሥጋ ትፈልጋለህ።

ደብረ ማርቆስ አመሻሽ ላይ ገባን። የፔንሲዮኑ ባለቤት ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ከጥቅሉ የሚንጠባጠበውን ውኃ አይተው ሊቆጡ ነው ብዬ ሰውነቴን ሳዘጋጅ፣ እርጥብ ሸራ ተጠቅልሎ ካደረ ይሸታል ብለው የአዳራሻቸውን ወንበር ሁሉ አስነሱ። ድንኳኑ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ አደረ። ሌሎቹ እንግዶች እራታቸውን ግድግዳ ተደግፈው በሉ፣ አንድም ሰው አላጉረመረመም። መርካቶ ውስጥ የሰው ደጃፍ ላይ አንድ ክንድ ሸራ ብዘረጋ ደንብ አስከባሪ ይጠራብኛል። ጠዋት ሴትዮዋን ሳመሰግን ነፍስ ይማር ብቻ አሉኝ።

አርብ ዕለት ሚኒባሱ ከደብረ ማርቆስ እስከ ሮብ ገበያ ሦስት ጊዜ ጭቃ ያዘው። ሦስቱንም ጊዜ ወርደን ገፋን፤ አንድ ጫማዬ ሶሉን እዚያው ጥሎት መጣ። ሮብ ገበያ ላይ ወንድሜ የላከው ሰው ፈረስ ይዞ ጠበቀኝ። ሙላት ይባላል፣ ጎረቤታችን ነው፤ ቄስ ትምህርት ቤት አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ዳዊት የደገምን እኩያዬ። አንገቱን አቅፌ ስስመው «እንደምን ሰነበቱ?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። የለበሰውን ባና አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝና ድንኳኑን ፈረሱ ላይ ጭኖ ከፊቴ መራ። መንገዱን ሁሉ «ይጠንቀቁ፣ ያንሸራትታል» እያለኝ ሄድን። ሦስት ጊዜ አንተ በለኝ ብዬዋለሁ። እሺ ይልና መልሶ አንቱ ይለኛል።

ቤት ስደርስ የወንድሜ ሚስት ጥሩወርቅ ውኃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ። ልከለክላት ስል አያ ደሳለኝ ተዋት አለኝ። ከፍ ካለው መደብ ላይ አጎዛ አንጥፈው አስቀመጡኝ። አርብ ስለሆነ የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ ቀረበ። ሐምሌ ላይ በየትኛውም የጮቄ ቤት ጎተራው ታች ደርሷል፤ ይህን ድሮ አውቅ ነበር፣ ረስቼው ነው። ለተዝካሩ ጌሾና ብቅል ከማን እንደመጣ፣ በሬው ከማን እንደተገዛ አልነገሩኝም፣ እኔም መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ስለ ድንኳኑ ነበር የማወራው።

ቅዳሜ መንደሩ ሁሉ ለመትከል ወጣ። ጉድጓድ ቆፈሩ፣ የባሕር ዛፍ ምሰሶ አቆሙ። ድንኳኑ ተዘርግቶ ከፍ ሲል ሰው እልል አለ፤ ሆዴ ሞላ፣ አልዋሽም። ሽማግሌዎቹን በተርታ አቁሜ የድርቡን ጥግ፣ የጠርዙን ገመድ፣ ወገቡ ላይ የተከልኳቸውን ማሳጠሪያዎች አንድ በአንድ አሳየሁ። ነፋስ ቢበረታ በእነዚህ ይጠቀለልና ጣሪያው ትከሻ ድረስ ዝቅ ይላል፣ ሰው ቁጭ ይላል አልኩ። የእናቴ የንስሐ አባት የነበሩት አባ ይትባረክ ገመዱን ዳሰሱና በኛ አገር ጸሎቱ አልቆ ምርቃት ሳይሰጥ የዳስ እንጨትም ሆነ ልብስ አይነካም አሉኝ፤ ሲጸለይለት ዳሱ የፈረሰ ሰው ቤቱ ይፈርሳል ይባላል። አያስፈልግም አባ፣ ለክፉ ቀን ነው እንጂ አይነካም አልኳቸው። ሴቶቹ በበኩላቸው ለወጥ መሥሪያ ብለው ከቤቱ ጀርባ የቅጠል ዳስ አበጁ፤ ባሕር ዛፍ በባሕር ዛፍ ላይ ደርበው። ይህን ያህል ሸራ እያለ ቅጠል ምን ያደርጋል ብዬ ሳቅሁባቸው። ጥሩወርቅ ቅጠል ያፈስሳል እንጂ ከነፋስ ጋር አይጣላም አለችኝና ሥራዋን ቀጠለች።

እሑድ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። ከቅዳሴ መልስ ሰዉ ድንኳኑን ሞላው፤ ቆመው የቀሩም ነበሩ። አያ ደሳለኝ ነጭ ኩታ ለብሶ በር ላይ ቆሞ ይቀበላል፣ እኔ ከጎኑ ቆምኩ። እውነቴን ነው፣ በዚያች ሰዓት ልጇ ነበርኩ። ሰው ሲያልፍ የሁለታችንንም ትከሻ ይነካል። ካህናቱ ጸሎቱን ጀመሩ።

እኩሌታው ሳይደርሱ ሰማዩ በጮቄ በኩል ጠቆረ። ያስፈራኝ ጥቁረቱ አልነበረም። ከበላያችን ባለው ተረተር የባሕር ዛፉ ቅጠል ሁሉ ባንድ ጊዜ ተገልብጦ ነጭ ጀርባውን አሳየ። አሰብ ላይ ውኃው እንዲያ ድንገት ቀለሙን ሲለውጥ ሽማግሌው ቃል ሳይተነፍስ ሸራ መጠቅለል ይጀምር ነበር። እኔም እጄ ማሳጠሪያው ላይ ሄዶ ነበር። ጊዜ ነበረኝ፤ ይህን ነው ልደብቀው የማልችለው። ሁለት ሦስት ጎረምሳ ብጠራ በዚያች ቅጽበት እናወርደው ነበር። ግን ጸሎቱ ሊቋረጥ ነው፣ አባ ይትባረክ አንገታቸውን ሊደፉ ነው፣ ሰዉም ከቀብሯ የቀረው ልጅ ዳሷን አወረደው ሊል ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በጥር ይሁን ያለው ወንድሜ ልክ ሊሆን ነው።

አያ ደሳለኝም ቅጠሉን አይቶ ኖሯል። ጠጋ አለኝና «ልማዱን እኔ እሸከመዋለሁ፣ እናውርደው?» አለኝ።

«አታስብ፣ ይችላል» አልኩት።

ቻለም። አንድ ስፌት አልተረተረም፣ አንድ የገመድ ቀለበት አልወለቀም። ነፋሱ ከሥር ገብቶ ሲነፋው ቀዶት መውጫ አጣ፤ ሸራው ስላልተቀደደ ምሰሶዎቹን ይዞ ተነሣ። ሦስቱ ከነአፈራቸው ተነቀሉ፣ የመሐሉ ወገቡ ላይ ተሰበረ። ሰው ጮኸ፣ ካህናቱ ጥላቸውን ጥለው ወጡ፣ ጋኑ ተገለበጠ፣ ከዚያ በረዶው ወረደ። አያ ደሳለኝ መነሣት ያቃታቸውን አንዲት የእናቴን ባልንጀራ አቅፎ ሊያወጣ ሲል የተሰበረው ምሰሶ ወርዶ ቀኝ ክንዱን መታው። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ሰምቻለሁ። ሴትዮዋን ግን አልለቀቃቸውም፣ በግራ እጁ ይዞ አወጣቸው። መሮጥ ያልቻለው ሰው ሁሉ የት ተጠለለ ብትሉኝ፣ ሴቶቹ ያበጁት ቅጠል ዳስ ውስጥ ነው። ነፋሱ በቅጠሉ መሐል ሾልኮ ያልፍ ነበር፤ ያፈስሳል፣ ግን ቆሟል። ጸሎቱ አላለቀም። ምርቃትም አልተሰጠም። ሌላው ሰው በየአቅጣጫው በበረዶው ውስጥ ወደ ቤቱ ሮጠ።

ሰኞ ወጌሻ መጣ። እኔ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል እንሂድ አልኩ፤ አያ ደሳለኝ ያን ጭቃ በተሰበረ ክንድ አልወርደውም አለ። ወጌሻው አጥንቱን ገጥሞ በቀርከሃ ስንጥር አሰረለትና እስከ መስቀል እርፍ እንዳትነካ አለው። እስከ መስቀል ማለት ዘሩ አለፈ ማለት ነው፤ የስንዴው ማሳ ገና አልተዘራም ነበር። ይህ ሲነገር እኔ እዚያው ነበርኩ። ወንድሜ ወደ እኔ አልዞረም። ጥሩወርቅም አልዞረችም። ይልቅ ደርቆልሃል ብላ ጫማዬን አመጣችልኝ፤ የጎደለውን ሶል ሙላት በጎማ ቁራጭ ሠርቶልኝ ኖሯል። ቀኑን ሙሉ ሰው ሊጠይቅ ይገባል ይወጣል፤ ሁሉም እኔን እንኳን እግዜር አወጣህ፣ አንተስ አልተጎዳህም ይለኛል። አንድ ሰው ተነሥቶ የእናትህን ተዝካር በተንክ ቢለኝ እግሩ ላይ ወድቄ ባለቀስኩ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይላሉ እንጂ እኔ ላይ የፈረደ የለም። ማታ ከመደቡ ላይ ወተት አቀረቡልኝ፣ የወንድሜ ልጆች ጭላጩን እንኳ ሳይቀምሱ ተኙ።

ማክሰኞ ጎረቤቱ ለአያ ደሳለኝ ደቦ ወጣለት። ማንም አልጠራቸውም፤ ማለዳ ስነሣ ማሳው ላይ ዘጠኝ ጥማድ በሬ ቆሟል። ሱሪዬን ሰበሰብኩና ወረድኩ። አንዱ በሬውን ሊያስተካክል እርፉን ሲለቅ እኔ ያዝኩት። እንጨቱ እጄን አላወቀውም መሰለኝ፤ ሦስት እርምጃ እንደሄድኩ ማረሻው ከፈሩ ወጣ። በሬዎቹ ቆሙ። ሙላት መጣና ጣቶቼን አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል፣ ከእርፉ ላይ አላቀቃቸው። «ይተዉት፣ ልብስዎ ይቆሽሻል» አለኝ። ፊቱ ላይ ፌዝ አልነበረም። ፌዝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ምሳ ሲቀርብ አራሾቹ በአንድ ገበታ ከበው በሉ፣ ለእኔ ጥሩወርቅ ለብቻዬ በሳህን፣ ከመቀመጫ ዱካ ጋር አመጣችልኝ። ቁጭ ብዬ የአባቴ መሬት ሲዘራ አየሁ።

ረቡዕ ጠዋት አያ ደሳለኝን ደጅ፣ ፀሐይ ላይ፣ ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አገኘሁት። ሌሊቱን ከራሴ ጋር ስመክር ስላደርኩ ቃሌ ተዘጋጅቶ ነበር። መሄዱን ልተወው፣ እስከ መስቀል ልቆይ፣ ማረስ ባልችል እንኳ አረም እነቅላለሁ፣ ከብት እጠብቃለሁ አልኩት። ያን ጊዜ ከቀብሯ ያስቀረኝ መንገድ በሳምንቱ ተከፍቶ እንደነበር ነገርኩት። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«እናውቃለን» አለኝ። «ሙላት በዚያ ሳምንት አዲስ አበባ ደርሶ ተመልሷል።»

ሙላት ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ ሥራ ላይ አይቶኝ፣ ላለማስቸገር ተመልሶ እንደሄደ በኋላ ከጥሩወርቅ ሰማሁ። አያ ደሳለኝ አልተቆጣም። እንዲያውም በደህናው እጁ አጠገቡ ያለውን ድንጋይ ጠረገልኝና ቁጭ በል አለኝ። ብርድ አልለመድክም፣ መቆየቱ ይጎዳሃል፣ ሥራህም ይጠብቅሃል አለ። ድንኳኑስ ለእድሩ አልኩት። አጥበን አድርቀነዋል፣ አልተጎዳም፣ ለሌላ ይሆንሃል አለኝ። ቀና ስል ሙላት ፈረሱን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ ድንኳኑ ተጭኗል፣ ገመዱም እኔ ከማስረው በተሻለ ተጠምጥሞ ታስሯል።

«ተዝካሯስ?» አልኩት። «ጸሎቱ እኮ ሳያልቅ ነው የተበተነው።»

«በጥር እናወጣዋለን።»

«እኔስ?»

ሊያስቀይመኝ እንዳልፈለገ ያስታውቃል፤ ደግ ሰው ነው፣ ሁልጊዜም ደግ ነበር።

«አንተማ» አለኝ፣ «ቀኑ ሲቆረጥ እንጠራሃለን።»

ጥሩወርቅ ለመንገድ ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ተሳሳምን። ሙላት ፈረሱን ይዞ ከፊት ከፊቴ እየመራኝ ወደ ሮብ ገበያ ወረድኩ።